የፈተና ጠዋት ማር

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ሙቀቷን ገና ሳትጀምር፣ በፈተናው አዳራሽ መካከል አንዲት ልጅ ከወንበሯ ተነስታ ማንም ከማያየው ሰው ጋር ሙግት ገጠመች። «ተነስ ከወረቀቴ ላይ! ተነስ አልኩህ!» ትላለች። ፈታኙ መጥቶ ትከሻዋን ቢይዛት እሱን አላየችውም። የሌለ ጉንዳን ከጠረጴዛዋ ላይ ስታራግፍ ቆየችና ወደ በሩ ልትሄድ ስትል ተዘረረች።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ማን መሰለቻችሁ? እየሩስ ቀለሙ ናት፣ የገራዶው የመሪጌታ ቀለሙ ልጅ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሀገሩን ሁሉ እንደ ገለባ ሲያበጥር ከቀሩት ፍሬዎች አንዷ ነበረች። ግን በዛሬ ጊዜ ማለፍ ብቻውን ምን ያደርጋል! እሷ የተመኘችው ዩኒቨርሲቲ «አለፋችሁ? ደግ፤ አሁን ደግሞ በእኔ ወንፊት እለፉ» ብሎ ራሱ ይፈትናል። ሕክምና ልማር ብሎ የሚያመለክተው አገር ምድሩ ነው፤ የሚገባው እፍኝ አይሞላም። እየሩስ ለዚያች ጠዋት ስትል ክረምቱን ሙሉ ከመጽሐፍ ላይ ቀና አላለችም።

የዞኑ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ አግማስ አዳራሹ ስትደርስ ልጅቱን አምቡላንስ ወደ ደሴ ይዟት ሄዷል። የቀረው የተገለበጠ ወንበርና የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት አስተባባሪው። «ለንቃት ብላ አንድ ነገር ወስዳለች።»

«ስትወስድ አይተዋታል?»

«ኧረ እኔ አላየሁም።»

«ታዲያ በምን ግልጽ ሆነልዎ?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡን ልንገርሽ። ራሷ ወስዳው ከሆነ ተሰርዛለች፤ ከእንግዲህ እኛ ዘንድ አታመለክትም። ሌላ ሰው በድሏት ከሆነ ግን ችግር ለደረሰባቸው ተፈታኞች ሰኞ ሁለተኛ ፈተና አለ። እሱም የፖሊስ ማረጋገጫ ከነመዝገብ ቁጥሩ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ከደረሰኝ ነው። ከዚያ ካለፈ እኔም አለቃ አለብኝ።»

«አለቃ የሌለበት ማን አለ?» አለችና ወጣች። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ሰው ወድቆ ሳለ ደንብ የሚያነብ ሰው አትወድም።

ደሴ ሆስፒታል ዶክተር ዐቂል እጁን እየታጠበ ተቀበላት።

«አስተናግር ነው» አለ። «የአጥር ጥግ የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው። የዓይኗን ብሌን ብታዪው ተበልጥጦ ሊወጣ ነው። አፏ ደርቋል፣ ትቃዣለች። ያስመለሰችው ውስጥ ፍሬው ተወቅጦ ከማርና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተለውሶ አግኝተናል።»

«ትድናለች?»

«አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ነገ ትመለሳለች። ትንሽ ጨመር ቢል ግን ሬሳ ነበር የምትመረምሪው።»

«መቼ በልታው ይሆን?»

«ዛሬ ጠዋት። ደሴ በልታው ኮምቦልቻ እስክትደርስ ይበቃዋል።»

ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አስተናግር። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው አንድ ስም ይመጣበታል፦ አብሾ። ጭንቅላት ይከፍታል፣ ትምህርት ያስገባል እየተባለ በድብቅ ለተማሪ የሚሰጥ ነገር። ስንቱን ልጅ ሊቅ አደረገ ይባላል፤ ስንቱን እንዳሳበደ ግን የሚያወራ የለም።

አለቃዋ ኮማንደር ዳምጤ በስልክ ሲሰማ አልተደነቀም። «የመሪጌታ ልጅ አይደለች? በቃ፣ አባቷ አብሾ አጠጥቷታል። ሰውየውን አምጪውና እንገላገል።»

መሪጌታ ቀለሙን ፍለጋ ገራዶ መሄድ አላስፈለጋትም። ነጠላቸውን አደግድገው የልጃቸው ክፍል በር ላይ ቆመው ነበር።

«መሪጌታ፣ እግዜር ይማርልዎ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ለእየሩስ አብሾ ሰጥተዋታል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም?»

«ሥራዬ ነው አባቴ።»

«ሀገሩ ሁሉ ይለዋል። ልጄ አንደኛ በወጣች ቁጥር ‹አብሾ ነው› ይላል። አንድ ቀን እንኳ ‹አጥንታ ነው› ያለ ሰው አልሰማሁም! የድሃ መሪጌታ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ በገዛ ጭንቅላቷ መብለጥ አይፈቀድላትም? ስሚኝ ልጄ። ታላቅ ወንድሜ ቆሎ ተማሪ ሳለን ጠጥቶት እስኪሞት ድረስ ከዋርካ ጋር ሲያወራ ኖሯል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀውም አልነካውም። ስንቱ ወላጅ በግ እየጎተተ ደጄን ጠንቷል መሰለሽ! ሁሉንም መልሻለሁ።»

«ከደሴ የመጣ ነበር?»

«ነበር። ስም ግን አላወጣም። የልጅ ጭንቀት ያመጣው ሰው ነው፤ ገመናውን አልገልጥም።»

ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው እንዳደሩ ደብሩ ሁሉ መሰከረላቸው። ደግሞም እየሩስ ከትናንት ጀምሮ ገራዶ አልነበረችም። የመኪና ነገር አይታመንም ብላ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ የጓደኛዋ የኢክራ ቤት ነው ያደረችው። ፀሐይነሽ የመሪጌታን ስም ሰረዘች። በልቧ ግን ‹አይፈቀድላትም?› ያሉት ነገር ቆረቆራት። እሷም ኢንስፔክተር ስትሆን ጣቢያው «ከጀርባዋ ሰው አላት» ብሎ ነበር። ሴት ስትበልጥ ሰው ምክንያት ካልፈለገላት እንቅልፍ አይወስደውም።

ወደ ኮምቦልቻ በወረደው ሚኒባስ ሦስት ተፈታኞች ነበሩ፦ እየሩስ፣ ኢክራ፣ እና የአስጠኚው የባሽር ልጅ ሂንድ። ሂንድ መንገድ ላይ ለእየሩስ ውሃ አቀብላታለች። እሷም ለዚያው ሕክምና ነው የምትወዳደረው፤ አንዷ ስትወድቅ ለሌላዋ መንገድ ይከፈታል። ፀሐይነሽ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ።

ባሽር ፒያሳ ፎቅ ላይ ማስጠኛ አለው። ደረጃው ላይ ያለፉት ተማሪዎቹ ፎቶ እንደ እጩ ተመራጭ ተደርድሯል።

«ሂንድን ልትጠረጥሪያት ነው?» አለ ከወንበሩ ተነስቶ። «ወላሂ ይሄ ነውር ነው! ያንን ውሃ ሂንድም ጠጥታዋለች፣ ሾፌሩም ተቀብሎ ተጎንጭቷል። ይኸው ሾፌሩ ታች አለ፤ ጠይቂው!»

«እጠይቀዋለሁ። ልጅዎና እየሩስ ግን ተፎካካሪ ናቸው።»

«አቦ፣ እየሩስን እኮ በነጻ ነው ያስተማርኳት! ለምን ትዪኛለሽ? ስትገባ ፎቶዋን እዚያ በሩ ላይ ልሰቅለው ነበር። የመሪጌታን ልጅ ሐኪም ያደረገ ማስጠኛ ብሎ ሀገር ይግተለተልልኝ ነበር። የራሴን ገበያ መርዤ ምን ልጠቀም?»

ሰውየው እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር ፀሐይነሽ ሳቋ መጣ። ሾፌሩም ስለ ውሃው ያንኑ ነው ያረጋገጠላት፤ ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው። ልትወጣ ስትል ባሽር ራሱን ነቀነቀ።

«ምስኪን! ጭንቅላቷ እንኳ ጉድ ነው። በርግጥ አባቷ በልጅነቷ አብሾ…»

«እርስዎም? አስተማሪዋ ሆነው?»

ባሽር አቀረቀረ። ከዚያ «ሂንድ አንድ ነገር ብላኛለች» አለ። «መንገድ ላይ እየሩስ ሆዷን ይዛ ‹ልፈነዳ ነው፣ የሁለት ሰው ቁርስ ነው የበላሁት› ስትል ሰምታታለች።»

ፀሐይነሽ ይህን ሰምታ ቀጥታ ሆጤ ሄደች።

የኢክራ እናት ራሂማ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሱቋን ዘግታ ለታማሚዋ አጥሚት እያማሰለች አገኘቻት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ያቺን የመሰለች ልጅ! ያ ጀሊል!» አለች። «ኢክራዬና እሷ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ትሪ ነው የሚበሉት።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን በሉ፣ እትዬ ራሂማ?»

«እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሻይ። ለሁለቱም እኩል አቀረብኩ። ሐሙስ ነው፣ እየሩስም ጾም አልነበረባት። ከሱቅ ዕቃ ልቀበል ደረስ ብዬ ስመለስ ሳህኑን ጥርግ አድርገውታል።»

«ማርስ?»

የራሂማ ማማሰያ ቆም አለ። «የምን ማር?»

«እየሩስ ማር በልታለች።»

«እንግዲህ እኔ ለእየሩስ ማር አልሰጠሁም። በአላህ እምላለሁ፣ አልሰጠኋትም።» ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ አልሸሸም። «ደግሞ የእኔ ቤት ምግብ ቢሆን ኢክራዬስ? ይኸው ደህና ናት፤ ተፈትና ወጥታለች። አባቷ ያኔ ያጠጣት ነገር ነው የተነሳባት፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

እዚህ ላይ ፀሐይነሽ ግድግዳ ገጠማት። ሴትየዋ እውነቷን ነው የምትምለው፤ ፀሐይነሽ ስንት ዓመት ውሸት ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፣ ይሄ ውሸት አልነበረም። ሁለት ልጆች፣ አንድ ቁርስ፣ አንድ መኪና፤ አንዷ አበደች፣ አንዷ ምንም አልነካት። ታዲያ ማሩ ከየት መጣ?

ወደ ማታ ገደማ ሆስፒታል ተመለሰች። ኢክራ ከፈተናው እንደወጣች መጥታ ከጓደኛዋ በር አልተነቃነቀችም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እየሩስ ‹የሁለት ሰው ቁርስ› ብላለች» አለቻት ፀሐይነሽ አጠገቧ ተቀምጣ። «ምን ማለቷ ነው?»

«ስትቀልድ ነው። እኩል ነው የበላነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኩል ነው።»

ደግማ ጠየቀቻት፤ ያንኑ መለሰች። ግትር ናት። ፀሐይነሽ ተስፋ ቆርጣ ልትነሳ ስትል ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ኢክራ ማንንም ሳታይ እጇን ኪሷ ከተተች፤ አንድ ተምር አውጥታ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ከዚያ ከቧንቧው ውሃ ተጎነጨች። እንዴት ያለ ጥም ነበር!

ፀሐይነሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«አንቺ ልጅ፣ ጾመኛ ነሽ?»

ኢክራ ተምሩን ማላመጥ አቆመች።

«ጾመኛ ከሆንሽ ጠዋት ቁርስ አልበላሽም።»

ልጅቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «የሐሙስ ጾም ነው። ፈተናውን እንዳልፍ ብዬ በልቤ ነየትኩ። እናቴ ‹በፈተና ቀን ብትጾሚ ጭንቅላትሽ ይደክማል› ብላ ከልክላኝ ነበር፤ ስለዚህ ደበቅኳት። ሳህኔ ሙሉ ከቀረ ታውቅብኛለች። ‹እየሩስ፣ የኔንም ብዪልኝ› አልኳት። እየሳቀች በላችልኝ።»

«እናትሽ ለብቻሽ የሰጠችሽ ነገር ነበር?»

«ማር። በትንሽ ስኒ። ‹ብቻሽን ብዪው፣ ለማንም እንዳትሰጪ› ብላኝ ሄደች። ማር ይደፋል እንዴ? ነውር አይደለም? ለእህቴ ነው የሰጠኋት። እንዴ… ማሩ ምን ነበረው? ኢንስፔክተር፣ ማሩ ምን ነበረው?»

ፀሐይነሽ መልስ ሳትሰጣት ራሂማ የአጥሚቱን ፔርሙዝ ይዛ በኮሪደሩ ብቅ አለች። ልጇ ስታለቅስ አይታ ሮጠች። መሪጌታም ከክፍሉ ወጡ።

«እትዬ ራሂማ» አለች ፀሐይነሽ፣ «ለእየሩስ ማር እንዳልሰጡ አምናለሁ። ለኢክራ ግን ሰጥተዋል።»

«ለልጄ ብሰጥ ምን ነውር አለው? ይኸው ደህና…»

«ኢክራ አልበላችውም። ጾመኛ ነበረች። እየሩስ ናት የበላችላት።»

ፔርሙዙ ወደቀ። ራሂማ ኢክራን አየቻት፣ ከዚያ የተዘጋውን በር፣ ከዚያ ደግሞ ኢክራን። በልጇ አፍ ሊገባ የነበረው ነገር ያኔ ገባት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄን ልገድላት ነበር» አለች። «የሰውን ልጅ ደግሞ ገደልኩ።»

«አልሞተችም» አሉ መሪጌታ።

«ሀገሩ ሁሉ የእየሩስ ጭንቅላት አብሾ ነው ሲል አመንኩ። ኢክራዬም አብራት እንድትገባ ብዬ… እርስዎ ዘንድ መጣሁ፣ ከለከሉኝ። ለእኔ ልጅ ሰስተው መሰለኝ። ቂም ያዝኩብዎ። ከገበያ ገዛሁት።»

«የእኔ ልጅ ከመብራት ዘይት ሌላ መድኃኒት አታውቅም፣ ራሂማ» አሉ መሪጌታ። «ግን ስንት ጊዜ በቤትሽ በልታ አድራለች። ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ፀሐይነሽ ይህን ስትሰማ ልቧ ተነካ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች።

አርብ ጠዋት የኮማንደር ዳምጤ ቢሮ በሽማግሌ ተሞልቶ ነበር። ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የወሎ ዕርቅ እንደዚያ ነው። ራሂማና ኢክራ ጥግ ይዘዋል። ኮማንደሩ ደስ ብሎት ወረቀቱን ወደ መሪጌታ ገፋ አደረገ።

«ልጅትዋ ገና ስላልጠነከረች አመልካቹ እርስዎ ነዎት። አቤቱታዬን አንስቻለሁ ብለው ይፈርሙ፤ መዝገቡ ይዘጋል። ማንም ሳይታሰር፣ ማንም ሳይዋረድ።»

መሪጌታ እስክሪብቶ አነሱ።

«መዝገቡ ከተዘጋ ማረጋገጫ አይጻፍም» አለች ፀሐይነሽ።

«ኢንስፔክተር!»

«እናገራለሁ፣ ኮማንደር። ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት የመዝገብ ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥር ከሌለ እየሩስ ‹ራሷ ወስዳው› ተብላ ትሰረዛለች። ዕርቁ የተባረከ ነው፤ ግን ዋጋውን የምትከፍለው ተኝታ ያለችው ልጅ ናት። ይሄን ሳይነገራቸው እንዲፈርሙ አላደርግም።»

«ሥራሽን ትወጂዋለሽ?» አለ ኮማንደሩ ቀስ ብሎ።

«እወደዋለሁ። ለዚህ ነው የምናገረው።»

መሪጌታ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀሩ። «ባልፈርም ይቺ ሴት ልትታሰር ነው» አሉ። «ይቅር ብያለሁ ያልኩበትን አፌን ምን ላድርገው? የልጄን ነገር እግዜር ያውቃል።» ሊፈርሙ ጎንበስ አሉ።

«አይፈርሙ!»

ራሂማ ነበረች። ከጥግ ተነስታ ቆማለች።

«ዕርቁን አልፈልግም» አለች።

ሼሁ ደነገጡ። «አስተግፊሩላህ! ዕርቅ እምቢ ይባላል?»

«እኔ እላለሁ! ዛሬ ጠዋት ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኢክራዬ አጠገቧ ነበረች። ማን መረዘኝ አላለችም። ‹ፈተናው አለፈኝ?› ነው ያለችው። ይሄን ሰምቼ እኔ ታርቄ ሱቄን ልክፈት? ሜትሬን ይዤ ጨርቅ ልለካ?» ወደ መሪጌታ ዞረች። «ይቅርታዎን ያቆዩልኝ። ልጅዎ ተፈትና ስትመለስ እግርዎ ሥር ወድቄ እቀበለዋለሁ። ዛሬ ግን ተበድያለሁ ይበሉ! ልጄን በደለቻት ይበሉ! ከተማው ሁሉ አብሾ ነው እያለ ሲያማት ኖሯል፤ እኔም አምቻታለሁ። ዛሬ ዝም ካልን እስከ ዕድሜዋ ጫፍ ስሟ ይሄው ነው።»

«እትዬ ራሂማ፣ ትታሰሪያለሽ» አለ ኮማንደሩ።

«እታሰራለኋ! ከእኔ በፊት ሴት አልታሰረችም?»

መሪጌታ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «አልፈርምም» አሉ። «ልጄ ተበድላለች።»

ኮማንደር ዳምጤ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ፀሐይነሽ ፊት አኖረው።

«ጻፊ እህቴ» አለች ራሂማ ወንበር ስባ። «ስሜን አጥርተሽ ጻፊው። አብሾውን በማር ለውሳ ያቀረበችው ራሂማ ናት፤ ልጅቱ አላወቀችም፣ አልጠየቀችም፣ አልፈለገችም በዪ። አልፈለገችም የሚለውን አትርሺው።»

ፀሐይነሽ ጻፈች። ቁጥሩን ሰጠች፣ ማኅተሙን መታች፣ ፊርማውን አስፈረመች። ራሂማ የሱቋን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለኢክራ ሰጠቻት፤ ልጅቱ እናቷን አቅፋ አልለቅ አለች። ፀሐይነሽ ደብዳቤውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ማረፊያ ክፍል ልትወስዳት የሚገባትን ሴት እንዴት ትታ እንደምትሄድ ግራ ገብቷታል።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» ብላ ጮኸችባት ራሂማ። «እኔ የት እሄዳለሁ? ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው! ሂጂ ወደ ኮምቦልቻ!»

ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ አግማስ በተጠርጣሪዋ ትእዛዝ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።